የባለጥቁሯ ፊት

ለቅሶ የሚሄድ ሰው መስኮት ጥግ ቢቀመጥ ይሻለዋል፤ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ዝም ማለት ይችላል። ያን ዕለት ግን ከደባርቅ ወደ ጎንደር የሚወርደው ሚኒባስ ሞልቶ ስለነበር ረዳቱ «እማማ፣ እዚህች ጠጋ ይበሉ» ብሎ ከአንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጎን ሸጎጠኝ። የምሄደው ዳባት ድረስ ነው። ሩቅ አይደለም፤ ለኔ ጉልበት ግን ሩቅ ነው። ጭኔ ላይ ባስቀመጥኩት ፌስታል ውስጥ አንድ የታጠፈ ጥቁር ነጠላ አለ። አያ ቢምረው ሞቶ፣ ሳልሰማ ቀብሩ አልፎኝ፣ ለሠልስቱ ለመድረስ ነበር የምጣደፈው።

ልጅቱ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ስልኳ ላይ ፊልም ታያለች። ማየት አልፈለግኩም ነበር፤ ግን በዚያ ጥበት ውስጥ ዓይን የት ይሄዳል? ፊልሙ ቀለም የለውም። ረጅም ነጭ ቀሚስ የለበሰች ሴት ከሰፊ ደረጃ ላይ እየሳቀች ትወርዳለች፤ ባርኔጣ ያደረጉ ወንዶች ሲጋራቸውን ይዘው ሽቅብ ያዩዋታል። ደረጃውን ሳይ ልቤ ደንገጥ አለ።

«ምንድን ነው እሱ ልጄ?» አልኳት።

አንዱን ማዳመጫ ከጆሮዋ ነቀለች። «ሆረር ነው እማማ፣ የሚያስፈራ ፊልም። ፕሪኩዌል ነው።»

«ምን አልሽኝ?»

«ማለት... ዋናው ፊልም ቀድሞ ወጥቷል አይደል? ይሄ ከዚያ ታሪክ በፊት የሆነውን የሚያሳይ ነው። ሆን ብለው የድሮ ሆሊውድ አስመስለው ነው የሠሩት፤ ጥቁርና ነጩ፣ ሙዚቃው፣ ልብሱ ሁሉ።»

«የፊቱ በይኛ!»

ሳቀች። «አዎ፣ የፊቱ።»

ማዳመጫዋን መልሳ ሰካች። ቀልደኛ አሮጊት ያገኘች ነው የመሰላት። በዚህች «ፊት» በምትባል አንዲት ቃል ምክንያት ደባርቅ አንድ ቅዳሜ ተገልብጣ እንደነበር ከየት ታውቃለች? ያን ጊዜ እሷ አልተወለደችም።

ጊዜውን በዓመት አትጠይቁኝ፤ ዓመት መቁጠር ከተውኩ ቆየሁ። በዳቦ ዋጋ ግን ልነግራችሁ እችላለሁ። አንዱ ዳቦ በስሙኒ የሚሸጥበት፣ ሻይ ከነስኳሩ ሠላሳ ሳንቲም የሆነበት ዘመን ነው። መንግሥት ተለውጦ፣ ወታደሩ ወደየቤቱ ተመልሶ፣ ሰው ሁሉ «እህ፣ አሁንስ ምን እንሥራ?» የሚባባልበት ጊዜ። ዛሬ ድንጋይ የተነጠፈበትና ባጃጅ የሚተረማመስበት፣ ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ያለው መንገድ ያኔ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ነበር። ብርዱ ብቻ ያው ነው። ወንዱ በጋቢ፣ ሴቱ በነጠላ እስከ አፍንጫው ተጀቡኖ ይሄዳል። ጎረምሶቹ የማያውቁት አገር ቡድን ስም ጀርባው ላይ የተጻፈበት የሰልባጅ ጃኬት ይለብሳሉ፤ ተማሪ ሴቶች ሸራ ጫማቸውን በጠመኔ አንጥተው ጭቃውን እየዘለሉ ያልፋሉ፤ ለገበያ የሚመጣው ገበሬ ኮንጎ ጫማውን አውልቆ፣ አራግፎ፣ መልሶ ያጠልቃል። ከካሴት መሸጫዋ በር ላይ አንድ የማሲንቆ ዘፈን ጠዋት ይጀመራል፤ ማታም ያው ነው። ያኔ ይሰለቸኝ ነበር። ዛሬ ቢከፍቱልኝ ቆሜ የማለቅስ ይመስለኛል።

ከካሴት መሸጫዋ ማዶ የጌታነህ ቪዲዮ ቤት ነበር። ጌታነህ ከሠራዊቱ ሲመለስ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ የቪዲዮ ማጫወቻ ይዞ መጥቶ፣ የእህል መጋዘን የነበረ አዳራሽ ተከራየ። መስኮቶቹን በወታደር ብርድ ልብስ ስለጋረዳቸው በጠራራ ፀሐይ ውስጡ ጨለማ ነው። መሬቱ ላይ ሣር ይጎዘጎዛል፤ አግዳሚው የባሕር ዛፍ ግንድ ነው፤ የግድግዳው የገብስ ሽታ ከጄኔሬተሩ ቤንዚን ጋር ተደባልቆ ልብስ ላይ ይቀራል። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም። እኔ በሩ ላይ ዳቦና ሻይ እሸጥ ነበር። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ባለ መስታወት ሆቴል ቆሟል፤ በዚያ ሳልፍ አስተናጋጁ ልጅ «ምን ፈልገው ነው?» ይለኛል። ምን ልበለው?

ፊልሙን ፊልም የሚያደርገው ግን አያ ቢምረው ነበር። ቢምረው ቅኔ ቤት ብዙ ዓመት የቆየ፣ መሪጌታ ይሆናል ሲባል ድንገት ትምህርቱን ጥሎ የወጣ ሰው ነው። ለምን እንደወጣ ሲጠይቁት «እግሬ ቀደመኝ» ብሎ ይዘጋል። እንግሊዝኛው ወደ ስሜን ተራሮች ከሚወጡ ቱሪስቶች በቅሎ ኋላ ሲከተል የለቀማት ናት፤ ጥቂት ናት። ቢሆንም ቴሌቪዥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ማይክራፎን ጨብጦ፣ ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይተረጉመዋል። ያልሰማውን ከራሱ ይሞላል። በሱ አፍ ሽፍታው ሽጉጥ ደግኖ «በማርያም ይዤሃለሁ፣ እጅህን አንሣ» ይላል፤ ፈረንጁ ጌታ ከእራት ሲነሣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ማዕዱን ያብዛው» ይላል። ሰው ከፊልሙ ይልቅ እሱን ሊሰማ ነበር የሚመጣው።

አንድ ጊዜ ከጎንደር የሚያስፈራ ፊልም መጣ። በቀለም ነው። ጥቁር የለበሰች፣ ፊቷን በጥቁር ሻሽ የሸፈነች ሴት በአንድ ትልቅ ቤት ደረጃ ጫፍ ላይ ቆማ የሰው ስም ትጠራለች። የተጠራው ሰው ከመለሰላት አበቃለት፤ ወደ ላይ ይወጣል፣ አይመለስም። መጨረሻ ላይ ራሷም ትሞታለች፤ ፊቷ ግን እስከዚያም አይታይም። ቢምረው ስሟን «ባለጥቁሯ» አላት። የሚጠፉትን ሰዎች ሁሉ ደግሞ «አቤት!» ያስብላቸዋል። እሷ «ጆን!» ስትል ቢምረው በቀጭን ድምፅ «ጆንዬ!» ይላል፤ ቀጥሎ በወፍራሙ «አቤት!» ሲል አዳራሹ በጩኸት ይናጋል። በሩ ላይ ቆሜ እየሰማሁ እኔም ስቄ ነበር፤ መሳቅ ከቻልኩባቸው ጥቂት ቀኖች አንዱ ነበርና።

ምክንያቱም ያኔ እኔ ራሴ ጥቁር ለባሽ ነበርኩ። ባሌ አዳነ የጭነት መኪና ነጂ ነበር። አንድ ማለዳ እህል ጭኖ ወደ ሊማሊሞ ሊወርድ ሲነሣ የአንገት ፎጣውን ረስቶ ወጣ። ሮጬ ወደ መንገዱ ወጣሁና «አዳነ!» ብዬ ከኋላው ጠራሁት። «አቤት!» ብሎ ዞረ፣ ፎጣውን ተቀበለኝ፣ ሄደ። ገና እኩለ ቀን ሳይሆን መኪናው ገደል መግባቱን ነገሩኝ። መንገደኛ ከኋላ አይጠራም ይባላል፤ አውቃለሁ። ይህን ነገር ለአንዲት ጎረቤቴ እያለቀስኩ ነገርኳት። ደባርቅ ውስጥ ለአንድ ጎረቤት የተነገረ ነገር ወዴት እንደሚደርስ ደግሞ የታወቀ ነው። ዓመቱ ሲሞላ ጥቁሬን የሚያስወልቀኝ ዘመድ አጠገቤ አልነበረም፤ ወንድሜ ያለው ዳባት ነው። እኔም ዝም ብዬ ለበስኩት። ልብስ ስላጣሁ የመሰለው ነበር። እውነቱን ለመናገር ልብስ መለወጥ ራሱ ደክሞኝ ነበር። ብርዱም አለ፤ እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ነበር የምውለው።

ፊልሙ ከታየ ወዲህ በመጀመሪያ ልጆቹ ናቸው የጀመሩት። ዳቦ ሊገዛ የሚመጣውን በስሙ ስጠራው አፉን በእጁ ግጥም አድርጎ ይሸሻል። ቀልድ ነበር። ከዚያ ትልልቆቹ ያዙት። «እትዬ እንትና!» ስል የምታልፈዋ ሴት እንዳልሰማ ሆና ትሄዳለች፤ ፈገግታ እንኳ የላትም። «ባሏን በስሙ ጠርታ አይደል እንዴ የላከችው?» የሚለው ወሬ ጆሮዬ ደረሰ። ዳቦዬ እያደረ መድረቅ ጀመረ። ይህን ሁሉ እችለው ነበር። አንድ ቀን ግን ልጄን ትርንጎን ከጓደኞቿ ጋር ከትምህርት ቤት ስትወጣ አይቻት ጠራኋት። ቆመች። አየችኝ። ሁልጊዜ ስጠራት «እመት!» የምትለው ልጄ አንገቷን ደፍታ ከጓደኞቿ ጋር አለፈችኝ። ማታ ቤት ስትገባ አልቆጣኋትም። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፤ ምን ታድርግ? ግን ያን ቀን የተሰማኝን ሰው እንዲሰማው አልመኝም።

በዚያ ሁሉ ወራት ስጠራው የሚመልስልኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር። አያ ቢምረው ከመንገዱ ማዶ ሆኖ፣ ገበያው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ፣ «አቤት እቴ የሺ!» ይለኛል። አንዳንዴ ሳልጠራውም ይመልሳል። «ምነው አልጠራሁህም እኮ» ስለው «ለነገው ነው፣ ያዥው» ይላል። ባለጥቁሯ የሚለውን ስም ያወጣው እሱ መሆኑ እንደከነከነው አውቅ ነበር፤ አላነሣውም፣ አላነሣሁበትም።

በመጨረሻ መሮኝ ዳባት ወንድሜ ዘንድ ላክሁ፤ ከነልጄ መጥቼ ግቢህ ውስጥ ልጠጋ አልኩት። «ነይ» አለ። ሚስቱ ምን እንዳለች አልጠየቅኩም። ሰኞ ልሄድ ዕቃዬን ቋጠርኩ። ይህን የሰማው ቢምረው ዓርብ ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። እሱና ጌታነህ አዲስ የመጣ ካሴት ሲሞክሩ ነበር የዋሉት። ፊቱ ገርጥቷል። አንድ ዳቦ አንሥቶ ያኝክ ጀመር።

«የባለጥቁሯ ሌላው ፊልም መጥቷል» አለኝ።

«ሌላ? አንዱ አልበቃኝም?»

«ነገ ገብተሽ ታይዋለሽ።»

«ሞቼ ነው አያ ቢምረው!»

«እቴ የሺ፣ እንዲያው ስለ ማርያም፤ ነገ ግቢ። ከዚያ በኋላ ዳባትም ሂጂ፣ የትም ሂጂ።»

በማግስቱ ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን፣ በሩ ላይ ባለው ጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ «ዛሬ፦ የባለጥቁሯ ፊት» ተብሎ ተጽፎ አገኘሁት። ቢምረው ለማለት የፈለገው በፊት የነበረው ታሪኳ ነው። ሰዉ ግን ያ ተሸፍኖ የቀረው ፊቷ ሊታይ ነው ብሎ ተረዳው፤ ማን ይፈርድበታል? «ዛሬ ፊቷን ሊያሳዩን ነው!» እየተባለ ከተማው ተግተለተለ። ገብሱን ያልሸጠ ገበሬ አህያውን አስሮ ገባ። በፊት ፊልም አይተው የማያውቁ፣ ባለጥቁሯን በወሬ ብቻ የሰሙ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብስበው ከፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ትርንጎም ከጓደኞቿ ጋር ገባች። እኔ ሰው ሁሉ ከገባ በኋላ ተከናንቤ ከበሩ ጥግ ቆምኩ።

ፊልሙ ሲጀምር ጥቁርና ነጭ ሆነ። ሁካታው ቀለጠ። «ቀለሙን መልሱ!» ይላል አንዱ። «ገንዘባችንን!» ይላል ሌላው። ጌታነህ ደንግጦ ቴሌቪዥኑን ጎኑን በጥፊ መታው። ቢምረው ማይክራፎኑን አንሥቶ «ጸጥታ! ይህ የፊቱ ዘመን ነው፤ ቀለም ገና አልመጣም!» አለ። ሰዉ ሳቀ፣ ተቀመጠም። ከዚያ ያቺ ሴት ነጭ ለብሳ እየሳቀች ደረጃውን ስትወርድ፣ ሽማግሌው «ይቺ የሞተችዋ አይደለችም እንዴ? ማን አስነሣት?» አሉ።

«አባቴ፣ አልሞተችም፤ ገና ናት» አላቸው ቢምረው። «የምናየው ባለጥቁሯ ከመሆኗ በፊት ነው። ይኸው ፊቷ!»

ፊቷ ሙሉውን ወጣ። ብርሃኑ ዓይኗ ላይ ብቻ ነበር የበራው፤ ቫዮሊኑም ያለቅሳል። ለካ ቆንጆ ልጅ ናት። ቢምረውም ያን ቀን አልቀለደም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የሚወዳት ባል እንዳላት፣ ባሏ እንደታመመባት ነገረን። ሴትዮዋ ኩባያ ይዛ ወደ አልጋው ስትሄድ ግን ከበርጩማው ድንገት ተነሥቶ ቴሌቪዥኑ ፊት ተገተረ፤ ድምፁን የሚያስተካክል ይመስል አንዱን ቁልፍ ይነካካል። «ዞር በል!» «ተቀመጥ!» ተባለ። እሱ ጀርባውን ሰጥቶን «መድኃኒት ነው የምታጠጣው» አለ በማይክራፎኑ። «ሌሊቱን ስታስታምመው አድራ መድኃኒት እየሰጠችው ነው። እግዜር ግን አልፈቀደም።» ሲቀመጥ ሰውየው ሞቷል፣ ሴትዮዋም ጥቁር ለብሳ ታለቅሳለች።

«ይህን ጥቁር የለበሰችው ሰው ልትበላ አይደለም» አለ ቢምረው። «አልቅሳ ነው።»

ባርኔጣ ያደረጉት ሰዎች በሯ ላይ መጥተው ሲቆሙ «ጎረቤቶቿ ናቸው፤ ከዚህ ወዲያ ቤትሽ አንመጣም እያሏት ነው» አለን። በመጨረሻ ሴትዮዋ ደረጃው ጫፍ ላይ ወጥታ ሻሹን ፊቷ ላይ አወረደችና ስም መጥራት ጀመረች። ጠራች፣ ጠራች። ቢምረው ስሞቹን አብሯት ይጠራል፤ «አቤት» ግን አላለም። «ማንም አልመለሰላትም» አለ ሲቆይ። «ክፉ የሆነችው ኋላ ነው ወገኖቼ። ጠርታ ጠርታ የሚመልስላት ብታጣ ነው።»

ያኔ ከፊት አግዳሚ ላይ የነበሩት ሽማግሌ ብድግ አሉ። «ምን ጉድ ነው? አቤት በሏት እንጂ!» ብለው ጮኹና ራሳቸው በዚያ በሻከረ ድምፃቸው «አቤት ልጄ!» አሏት። መጀመሪያ ሰዉ ሳቀ። ከዚያ ከኋላ አንዲት ሴት «እመት!» አለች፣ አንድ ጎረምሳ ቀጠለ፣ አዳራሹ ሁሉ እየሳቀም እያለቀሰም «አቤት! አቤት!» አለ። እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ነበር።

ስወጣ ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ። ትርንጎ ከጓደኞቿ መሀል ከፊቴ ትሄዳለች። ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ «ትርንጎ!» ብዬ ጠራሁ። ዞረች። ሰው ሁሉ ያያታል። «እመት እማዬ!» አለች፣ በጣም ጮክ ብላ፣ ሮጣም መጣች። ሰኞ ዳባት አልሄድኩም። በዚያው ሳምንት ጎረቤቶቼ ጠላ ጠምቀው፣ ነጭ ቀሚስ ይዘው ቤቴ መጡና ጥቁሬን አስወለቁኝ። ያቺ ወሬዬን የበተነችው ጎረቤቴ ናት ቀሚሱን ያለበሰችኝ። እኔም አቀፍኳት፤ ቂም ለመያዝም አቅም ይጠይቃል።

ኋላ ቪዲዮ ቤቱ ሲዲ ሲመጣ ተዳከመ፣ ዲሽ ሲመጣ ተዘጋ። ጌታነህ ከተማውን ለቀቀ። ቢምረው ወደ ዳባት ወርዶ ወደ ተወው ትምህርቱ ተመለሰ፤ አንድ ደብር ውስጥ አስተማሪ ሆነ፣ አገባ፣ መሪጌታም ተባለ። አንድ ጊዜ ገበያ ላይ አግኝቼው «እውነት ያ ፊልም እንደዚያ ነበር የሚለው?» አልኩት። «ያልኩትን ነው ያለው» አለና ወደ ሌላ ወሬ ገባ።

ይህን ሁሉ ሳስብ ሚኒባሱ ዳባት ሊገባ ነው። የልጅቱ ስልክ ላይ ያቺ ሴት ኩባያ ይዛ ወደ አልጋው ትሄዳለች። አልጋው ሳትደርስ ግን ያን ቅዳሜ ያላየሁትን አንድ ነገር አየሁ፤ ከካፖርቷ ውስጥ ትንሽ ጠርሙስ አውጥታ ኩባያው ላይ ታንጠባጥባለች። ጠርሙሱ ስልኩን ሞልቶ ታየ። ላዩ ላይ የራስ ቅል ተስሏል።

«መድኃኒት ነው አይደል?» አልኳት ልጅቱን።

«ኧረ መርዝ ነው እማማ! ባሏን እኮ ገደለችው። ከመጀመሪያውም ክፉ ነበረች ማለት ነው።»

«በሯ ላይ የሚመጡት ባርኔጣ ያደረጉትስ?»

«እነሱማ ፖሊሶች ናቸው። አይተውታል እንዴ?»

«መጨረሻ ላይ ስም የምትጠራው?»

«የገደለቻቸውን ሰዎች ነው የምትጠራው» አለችና ትክ ብላ አየችኝ። «እማማ፣ ምነው? አስፈራዎት?»

እንባዬ መምጣቱን ያኔ ነው ያወቅኩት። ያ ጠርሙስ በዚያ ቅዳሜ ታይቶ ቢሆን፣ ባሏን በእጇ የገደለችውን ባለጥቁር ደባርቅ ሁሉ አይቶ ቢወጣ፣ እኔ የት እገባ ነበር? ልጄስ? ዓርብ ዕለት ፊቱ ገርጥቶ ዳቦዬን ሲያኝክ የነበረው ይህን አይቶ ነው። ሌሊቱን ምን ሲያወጣና ሲያወርድ እንዳደረ እግዜር ይወቀው። በማግስቱ ሰው ሁሉ «ዞር በል» እያለ ሲሰድበው በጀርባው ጋረደልኝ። እኔም ከበሩ ጥግ ሆኜ በልቤ «ምናለ ቢቀመጥ» ብዬዋለሁ።

«አይ ልጄ፣ አላስፈራኝም» አልኳት። «ዳባት ወራጅ ነኝ።»

ከለቅሶው ድንኳን ትንሽ ራቅ ብዬ ፌስታሌን ፈታሁ። ያንን ነጠላ ጎረቤቶቼ ካስወለቁኝ ወዲህ በትከሻዬ አላሳለፍኩትም ነበር፤ ለምን እንዳስቀመጥኩትም አላውቅም። አራግፌ ለበስኩት። ፊቴን ግን አልተከናነብኩም። ቄሶቹና ተማሪዎቹ «መሪጌታ፣ መሪጌታ» እያሉ ያነሡታል፤ እኔ የማውቀው በሌላ ስሙ ነው። ድንኳኑ በር ላይ ቆሜ፣ ድሮ ከዳቦዬ አጠገብ ሆኜ በመንገዱ ማዶ እንደምጠራው፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ «አያ ቢምረው!» ብዬ ጠራሁት።

ሳይመልስልኝ ሲቀር የመጀመሪያው ነው።